አረንጓዴ ውሃ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይመለሳል?

በለገጣፎና በሰንዳፋ ዙሪያ ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች፣ ለአርሶ አደሮችና ለውሃ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ክረምቱን ሙሉ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ የከረመው የለገዳዲ ግድብ ውሃ ደለሉን እያስቀመጠ መጥራት ይጀምራል። ውሃ ሲጠራ ደስ ይላል፤ ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ያኔ ነው። ውሃው ደፍርሶ ሳለ ብርሃን ወደ ታች ስለማያልፍ አልጌ የምንለው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ሕይወት እንደልቡ ማደግ አይችልም። ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ ግን ከጎርፉ ጋር ገብቶ ተቀምጧል። ደመናው ሲገለጥና ውሃው ሲጠራ ምግብና ፀሐይ ይገናኛሉ። ከዚያ አንድ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ዳርቻው ላይ አረንጓዴ ስልባቦት ተጋግሮ ይገኛል።

ለገዳዲ ለአዲስ አበባ ውሃ ማቅረብ ከጀመረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መርዝ የሚያመነጩ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች በዚህ ግድብ ውስጥ እንዳሉ በጥናት ታይቷል፤ ቆቃም ውስጥ እንዲሁ። ስለዚህ የዛሬው ጉዳያችን የመጠጥ ውሃ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ያየነውን እንለይ፤ አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለምና። ረዘም ያለ እንጨት ወደ ውሃው አስገብታችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር የተንዘረፈፈ ክር ይዞ ከወጣ ተራ አረንጓዴ አልጌ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀለም ውስጥ እንደተነከረ ተለቅልቆ ከወጣ ግን ተጠራጠሩ። ሁለተኛው ፈተና ክዳን ባለው የብርጭቆ ብልቃጥ የሚሠራ ነው። ጓንት አጥልቃችሁ፣ ስልባቦቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ውሃ ሦስት አራተኛ ያህል ቅዱና ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳትነቀንቁ አሳድሩት። ሲነጋ አረንጓዴው ወደ ላይ ወጥቶ ብልቃጡ አንገት ላይ ቀለበት ከሠራ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ወደ ታች ከሰጠመ ሌላ ዓይነት ነው። ፈተናው መርዝ መኖር አለመኖሩን አይናገርም፤ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ መሄድ እንዳለበት ግን ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ለሁሉም ሰው እንድታደርሱልኝ አጥብቄ እለምናለሁ። ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝ እሳት አይበግረውም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 በአሜሪካ የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች፣ ቁጥራቸው ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከቧንቧ እንዳይጠጡ ለሦስት ቀን ያህል ታገዱ። ምክንያቱ ኤሪ ሐይቅ ላይ የበቀለው ይኸው አልጌ ሲሆን፣ ምግቡም በአብዛኛው ከእርሻ ማሳዎች በወንዝ የመጣ ፎስፈረስ ነበር። ከብቶችም እንደ ሰው ይመረዛሉ። ስልባቦቱ ነፋስ በሚገፋበት ዳርቻ ስለሚከማች፣ በዚያ በኩል ያለው መጠጫ መታጠር አለበት።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። አልጌ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ሐይቅ ውስጥ ልጓሙን የሚይዘው ግን ፎስፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ 226 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን በእነዚያ ላይ ፎስፈረስ አከሉበት። ፎስፈረስ የገባበት ወገን ብቻ አረንጓዴ ሆነ። ከአየር የተነሳው ፎቶግራፍ ዛሬም ብዙ ንግግር ይተካል።

አንድ ኪሎ ፎስፈረስ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ማብቀል ይችላል። ይህን ቁጥር ይዘን የማዳበሪያውን ከረጢት እንመልከት። ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ላይ 19-38-7 ተብሎ ተጽፏል። መካከለኛው ቁጥር ፎስፈረሱ በኦክሳይድ መልክ ሲቆጠር ነው፤ ወደ ንጹህ ፎስፈረስ ለመለወጥ በ0.436 ይባዛል። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ስለዚህ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ፎስፈረስ ይዟል። በሄክታር 30 ኩንታል የሰጠ ስንዴ በፍሬው ይዞት የሚሄደው 10 ኪሎ ግድም ነው። ቀሪው አፈር ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ የአፈሩ መንገድ የእሱም መንገድ ይሆናል።

አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። ለአገራችን የታረሰ መሬት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመሸርሸር ግምት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ነው። በአንድ ቶን አፈር ውስጥ ግማሽ ኪሎ ፎስፈረስ ቢኖር 21 ኪሎ ይሆናል፤ በከረጢት ከገባው ይበልጣል። ሁሉም ግድቡ አይደርስም፤ የደረሰውም ሁሉ ለአልጌ የሚመች አይደለም። ቢሆንም አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ የገዛውን ማዳበሪያ ያህል በጎርፍ እያጣ ነው ማለት ነው። ማሳውን የጎዳውና ውሃውን ያበላሸው አንድ ነገር መሆኑ ለሥራችን ተስፋ የሚሰጥ ይመስለኛል፤ ሁለቱን ባንድ እጅ መያዝ ይቻላልና።

በጥቁሩ አፈራችን ላይ ችግሩ የራሱ መልክ አለው። ዋልካ ውሃ ስለሚያቁር አርሶ አደሩ ፈሰስ ያወጣል፤ ወይም ቢቢኤም በሚባለው የመደብ ማውጫ መሣሪያ ሰፋፊ መደብ ሠርቶ በመካከሉ ቦይ ያበጃል። ይህ ተገቢ ሥራ ነው፤ ባይሠራ ሰብሉ ይበሰብሳል። ስህተቱ ያለው ፈሰሱ የሚጠናቀቅበት ቦታ ላይ ነው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ ወርዶ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ወይም ከቦረቦር ጋር ከተገናኘ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ በሰዓታት ውስጥ ወንዝ ይገባል። ፈሰሱ ተዳፋቱን አቋርጦ በ100 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር ባልበለጠ ዝቅታ ይውረድ፤ መጨረሻውም ሣር የለበሰ ሰፊ ቦይ ይሁን። ቦዩ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ከወገብ እስከ ጉልበት ጥልቀት ከመቆፈር ይልቅ አንድ ስንዝር ጥልቀት ይኑረውና ወርዱ 2 ወይም 3 ሜትር ይሁን። ሣሩ ሥር ሳይሰድ ውሃ መልቀቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቦዩ አንድ ክረምት ቀድሞ ይዘጋጅ።

ማዳበሪያው ራሱ አፈር ላይ ተበትኖ አይቀር። በመስመር ሲዘራ ከዘሩ በታችና ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ አፈር ውስጥ ይግባ። ጤፍ በብተና ሲዘራ ደግሞ ኤንፒኤሱ በመጨረሻው እርሻ ከአፈር ጋር ይቀላቀል። ዩሪያ ለሁለት ይከፈል፤ ሲሶው በዘር ጊዜ፣ ቀሪው ሰብሉ ግንድ ማብዛት ሲጀምር። መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ ሰማዩም ከብዶ ሳለ ዩሪያ መበተን ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው፤ ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል። የአፈር ምርመራ ፎስፈረሱ በቂ ነው ካለ በዚያ ዓመት መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ለሁሉም ማሳ አንድ ልክ መስጠት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ያቀላል፤ ለማሳውም ለግድቡም ግን አይበጅም።

ሰንዳፋና ሱሉልታ የወተት አገር ናቸው፤ ስለዚህ ስለ እበት አንድ ቃል ልበል። የእበት ክምር ከወንዝ ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ፣ በላዩ ክዳን ይኑረው፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይም በራሱ ላይ ይቆፈርለት። የበረቱ እጣቢ በቀጥታ ወደ ቦይ ከሚሄድ ይልቅ በጉድጓድ ይጠራቀምና ለደሾና ለዝሆኔ ሣር ይዋል። አዲስ በሚሠሩት መንደሮች ያለው የመጸዳጃ ፍሳሽም አይረሳ፤ የአንድ ሰው ፎስፈረስ በዓመት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። መንደሩ ሲያድግ ይህ ቁጥር ከእርሻው ጋር መፎካከር ይጀምራል።

ወንዝ ዳር የምንተክለው ባፈር ዞን የምንለው ሣር ከ10 እስከ 30 ሜትር ወርድ ቢኖረው ደለሉን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ለምን ብዙ ቦታ እንደማይሠራ ግን በደንብ ላብራራ፤ ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሣር የሚያጣራው ውሃ በስሱ ተዘርግቶ ሲያልፍበት ነው። ጎርፍ ደግሞ ተሰብስቦ አንድ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የከብት መውረጃ፣ የእግር መንገድ፣ የፈሰስ ጫፍ። 200 ሜትር ሣር ተክለን ጎርፉ በ1 ሜትር ክፍተት ካለፈ 199 ሜትሩ ዝናብ ብቻ ነው የሚያየው። መፍትሔው ከሣሩ በላይ የድንጋይ ረድፍ በኮንቱር መደርደር ነው፤ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከጫፍ ጫፍ እኩል፣ በውሃ ልክ የተለካ። በዓይን ግምት የተደረደረ ረድፍ ዝቅ ባለችው ነጥብ ውሃውን ይሰበስብና ይባስ ያደርገዋል። ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ሣሩ የያዘው ፎስፈረስ እዚያው ከበሰበሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይሟሟል። ስለዚህ ታጭዶ መውጣት አለበት፤ ልቅ ግጦሽ አይተካውም፤ ከብቱ በልቶ እዚያው ይጥላልና። አፈር ላይ ሳይጣበቅ በውሃ የሟሟውን ፎስፈረስ ሣር ብዙም አይዘውም፤ እሱን መቀነስ የሚቻለው ማሳው ላይ ብቻ ነው።

ከሣሩ በታች የደለል ማቆያ ኩሬ ይመጣል። በሌላ አገር ለግንባታ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሄክታር 250 ሜትር ኩብ ነው፤ ለመነሻ ይረዳል። ኩሬው አሸዋና ደቃቅ አፈር ይይዛል። ሸክላው ግን ሌላ ነው። 2 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ፣ የሆነ የሸክላ ቅንጣት በረጋ ውሃ 1 ሜትር ለመስመጥ ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ የደቀቀው ሳምንታት። አብዛኛው ፎስፈረስ የተጣበቀው በዚህ ደቃቅ ሸክላ ላይ ነው። ኩሬ ቆፍሮ ግድቡ ዳነ ማለት ስለዚህ አይቻልም። ከኩሬው ቀጥሎ ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ቢኖር፣ ስፋቱም ከተፋሰሱ ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን፣ ውሃው ይዘገይና ተጨማሪ ይቀራል። ኩሬው በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ ይጠረግ። ሙሉ ኩሬ በመጀመሪያው ከባድ ጎርፍ የዓመቱን ደለል አነሳስቶ ባንዴ ይሰደዋል። የተጠረገው ደለል ለም አፈር ነውና ወደ ማሳ ይመለስ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግድቡ ወዲያው ይጠራል? አይጠራም። ለዚህ ሰዎችን አስቀድማችሁ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው። ባለፉት ዓመታት የገባው ፎስፈረስ በጭቃው ውስጥ ከብረት ጋር ተያይዞ ተኝቷል። በሞቃትና ነፋስ በሌለበት ወቅት የታችኛው ውሃ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ በሊትር ከ2 ሚሊግራም ሲወርድ ብረቱ ይለወጥና ፎስፈረሱን ይለቀዋል። ውሃው በነፋስ ሲገላበጥ ያ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ባሉ 35 ሐይቆች ላይ የተደረገ ንጽጽር እንዳሳየው፣ ከውጭ የሚገባው ከተቀነሰ በኋላ ፎስፈረሱ አዲስ ሚዛን ለማግኘት ከ10 እስከ 15 ዓመት ፈጅቷል።

ጭቃውን የማከሚያ መንገዶች አሉ። አንዱ ፎስፈረሱን አጣብቆ የሚይዘው አልሙኒየም ሰልፌት ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠሩ በየቀኑ ይዘውታል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 10 ሄክታር የሆነ ኩሬ ላይ፣ በላይኛው የጭቃ ንጣፍ ሊለቀቅ የሚችለው ፎስፈረስ በካሬ ሜትር 2 ግራም ቢሆን በድምሩ 200 ኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ ፎስፈረስ ቢያንስ 10 ኪሎ አልሙኒየም ያስፈልጋል፤ 2,000 ኪሎ። ጠጣሩ ሰልፌት 9 በመቶ ብቻ አልሙኒየም ስላለው 22 ቶን ይገዛል። አንድ ሚሊግራም ሰልፌት ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም፣ ይበላል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6 ከወረደ የሟሟው አልሙኒየም ዓሣ ይገድላል። አልካሊኒቲው ዝቅተኛ በሆነ ውሃ ሶዲየም አልሙኔት ጎን ለጎን ይጨመራል፤ ከመርጨት በፊትም ከዚያው ኩሬ በተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ይሞከራል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። በየክረምቱ አዲስ ደለል በሚያለብሰው እንደ ለገዳዲ ባለ ግድብ ላይ አሁን አልሙኒየም መርጨትን አልደግፍም። አንድ ክረምት ያለብሰውና ገንዘቡ ከጭቃ ሥር ይቀራል። ማሳዎቹ ከተያዙ በኋላ የሚታይ ነው።

ጭቃውን ማውጣትም ይቻላል። ስዊድን ትሩመን ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 በየዓመቱ ግማሽ ሜትር ጭቃ በመምጠጥ ሐይቁን መልሰውታል። በ10 ሄክታር ግማሽ ሜትር ማለት ግን 50,000 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ3,000 በላይ ምልልስ። ግድብ የሆነ ውሃ ከተፈጥሮ ሐይቅ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ የታችኛው መውጫ። ፖላንድ ውስጥ ኮርቶቮ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የታችኛውን ባለ ፎስፈረስ ውሃ በቧንቧ እየሳቡ ያወጣሉ። እኛም የታችኛውን በር የምንከፍተው የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ባጣበት ጊዜ ቢሆን፣ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ይወጣል፤ ቢሸት፣ ወንዙም ወደ ታች ኦክስጅን ቢያንሰው ግን ቀስ ተብሎ ይለቀቅ።

አልጌውን በመዳብ ሰልፌት መግደል የሚቀናቸው አሉ። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሕዋሱ ሲፈነዳ በውስጡ የያዘው መርዝ ባንዴ ውሃው ውስጥ ይፈሳል፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣ ይገድላል፤ መዳቡም ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በአልጌ ወቅት የማጣሪያ ጣቢያው የመጀመሪያ እርምጃ ውሃ የሚስብበትን ከፍታ ከስልባቦቱ በታች ማድረግ ነው።

እምቦጭን በተመለከተ፣ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ላይ የሚታየውን ታውቃላችሁ። እዚያ የሚገባው በዋናነት የከተማው ፍሳሽ ስለሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ግን እምቦጭ እየነቀሉ ፎስፈረስ እናወጣለን ለሚሉ ስሌቱን ልስጥ። ከአንድ ቶን እርጥብ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ የሚወጣው ፎስፈረስ ሩብ ኪሎ ቢሆን ነው። በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ የገባውን ለማውጣት ከ60 ቶን በላይ መንቀል ያስፈልጋል። ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው ደግሞ በስብሶ ይመለሳል።

ሥራው እየያዘ መሆኑን የምናውቀው በመለካት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ረቡዕ ጠዋት መቅዳት አይበቃም፤ የዓመቱ ጭነት የሚመጣው በጥቂት ጎርፎች ነው። በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ በሚወርድ ጎርፍ ውስጥ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ፎስፈረስ ቢኖር በሰዓት 3.6 ኪሎ ነው፤ በአንድ ሌሊት 43 ኪሎ። ቀላሉ ዘዴ ወንዙ ውስጥ ጠንካራ ብረት ተክሎ በ20፣ በ40 እና በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠርሙሶች ማሰር ነው። እያንዳንዱ ክዳን ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ይኑረው፤ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው አየር ያስወጣል። ጎርፉ እየጨመረ ሲሄድ በየከፍታው ራሱ ይቀዳል። ጠርሙሶቹን በዱቄት ሳሙና እንዳታጥቡ፤ ሳሙናው ራሱ ፎስፌት ሊኖረው ስለሚችል ውጤቱን ያበላሻል። በቀጭን አሲድ ይታጠቡ፣ በተጣራ ውሃ ይለቅለቁ፣ ናሙናው በበረዶ ይጓዝ። ግድቡ ላይ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ ነጭና ጥቁር የተቀባች ሰሌዳ በገመድ ወደ ታች እየለቀቃችሁ የምትሰወርበትን ጥልቀት በየሁለት ሳምንቱ መዝግቡ።

የቀረው የመሬቱ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። ወንዝ ዳር 100 ሜትር ማሳ ያለው አርሶ አደር 10 ሜትር ለሣር ቢተው የአንድ ሄክታር አንድ አሥረኛ ሰጠ። በሄክታር 30 ኩንታል ብንቆጥር በየዓመቱ 3 ኩንታል ስንዴ ነው። ውሃውን የሚጠጣው ከተማው ነው፤ ኪሳራውን አርሶ አደሩ ብቻውን መሸከም የለበትም። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 በተፈረመ ስምምነት፣ ውሃዋ ከሚመነጭበት ተፋሰስ ላሉ ገበሬዎች የጥበቃ ሥራውን ወጪ ለመሸፈን ተስማምታለች። ውሃው በንጽሕና ሲመጣ ግዙፍ ማጣሪያ ከመገንባት እንደሚረክስ ቆጥራ ነው። እዚህም ክፍያው በብር ሳይሆን በስንዴ ኩንታል ይተመን፤ ዋጋ ሲንር ገበሬው እንዳይጎዳ። ግማሹ ሣሩ ሲተከል ይከፈል። ቀሪው በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ፣ የልማት ሠራተኛውና የማሳው ባለቤት አብረው ሜትር ይዘው ወርዱን ከለኩ፣ የድንጋይ ረድፉ ያልተናደ መሆኑን ካዩ በኋላ፣ እዚያው ማሳው ላይ ተፈራርመው ይከፈል።